የሦስተኛው ሳጥን አይጦች

«አይጥ አይጥ ትሸቻለሽ» አሉኝ አከራዬ።

ተቆጥተው አልነበረም። ግቢው ውስጥ የታጠበ አንሶላ እያሰጡ ነበር፤ ነገሩንም የተናገሩት ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው። «ላስከፋሽ ብዬ አይደለም የኔ ልጅ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማድ ቤት አትግቢብኝ። የምትሠሪውን እዚያው ክፍልሽ ሥሪ።»

«እትዬ፣ ጋዋን እለብሳለሁ። ጓንት አደርጋለሁ። ስወጣ እስከ ክርኔ በሳሙና እታጠባለሁ» አልኳቸው።

«እሱንስ አውቃለሁ። ያከራየሁሽ ግን ቤቱን ነው፤ አፍንጫዬን አላከራየሁሽም።»

ከጎን ክፍል ያለችው ተከራይ በሯ ላይ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ንግግሩ ያስቃላ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ እጄን አሸተትኩ። የሸተተኝ ሳሙና ብቻ ነበር። ግን ከአይጥ ጋር የሚውል ሰው አፍንጫው ይለምዳል፤ ስለዚህ የኔ አፍንጫ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከማድ ቤት መባረሬ የጎዳኝ በምግቡ አይደለም። ሰው የሚያወራው ሽንኩርት ሲከትፍ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበት ቦታ ከሌለሽ ወሬ የለሽም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦዬን እየገመጥኩ ሻዬን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጠጣ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይጠፋል። አብረውኝ የተማሩት አንዷ ባሕር ዳር ነች፣ አንዷ አረብ አገር። ደብረ ታቦር ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው ሳይኖር ሳምንት ያልፍ ነበር። ሰው ሳልነካም እንደዚያው። መተቃቀፉ ይቅር፣ መጨባበጡን ማለቴ ነው።

ሥራዬ አይጥ መቀለብ ነበር። ይህን ስናገር ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል። ያደግሁት ከገሳይ ወዲያ ባለ መንደር ነው። እኛ ቤት አይጥ የሚታወቀው በጎተራ ሌብነቱ ነው፤ የሚጠብቀውም ዱላ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ከተማ ገብቼ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ከረምኩ፤ እሱንም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልቼ ተውኩት። መጣላት ቶሎ ይሆንልኛል። ከዚያ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ «የቤተ ሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ሄድኩ። በግ መስሎኝ ነበር።

የቀጠረችኝ ከደቡብ የመጣች መምህርት ነች። የምታስተምረው የሕክምና ተማሪዎችን ነው፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለዶክትሬቷ ጥናት ትሠራለች።

«አይጥ ትፈሪያለሽ?» አለችኝ።

«ስገድል ነው ያደግሁት።»

«እዚህ ባትገድያቸው ይሻላል። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት።»

«ይቅርታ፣ ማስታወቂያው ላይ እንስሳት ብለው ስለነበር…»

«እርስዎ አትበይኝ! እኔን አሮጊት ለማድረግ ተማሪዎቼ ይበቃሉ።»

አንቺ ማለቱ ምላሴን ከብዶት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በኋላ ለመድኩት።

አይጦቹ ሃያ ናቸው፤ ነጫጭ፣ ዓይናቸው ቀይ። በአራት ሳጥን አምስት አምስት ሆነው ከሕንፃው ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። የሚተኙበትን ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት በማዳበሪያ ተሸክሜ አመጣለሁ። ለአይጥ ተብሎ የሚሠራው መኖ እኛ ዘንድ ስለማይገኝ የገብስ፣ የበቆሎና የሽምብራ ዱቄት ከፋጉሎ ጋር ለውሼ፣ ቆራርጬ አደርቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳቦካ ራሴን ታዘብኩት። ለአባቴ ዳቦ ማቡካት ያቃተኝ ሴት ለአይጥ አቦካለሁ።

መምህርቷ የምታጠናውን የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። የምታወራው ሰው አጥታ መሰለኝ።

«ነርቭ ምን ይመስልሻል?»

«ሽቦ» አልኳት። ባዮሎጂ ላይ የተማርኩት ያንን ነው።

«አየሽ፣ ሁሉም የሚያየው ሽቦውን ነው። ሽቦውን ማን አቅፎት እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም።» የቆየ የፈተና ወረቀት ገልብጣ አንድ ረጅም መስመር ሠራች፤ በመስመሩ ዙሪያ ደግሞ ተራ በተራ የተጠቀለሉ ነገሮችን ሣለች። «ዳቦ በኮባ እንደሚጠቀለል በይው። እነዚህ ደጋፊ ሴሎች ናቸው። ነርቩን ያቅፉታል፣ ይመግቡታል። ሲጎዳ የሞተውን የሚጠርጉት፣ አዲሱ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳዩትም እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ሽቦው የትም አይደርስም። ሴሮቶኒን ሰምተሻል?»

«የደስታ ነገር አይደል? ጭንቅላት ውስጥ ያለው።» በስልክ አንብቤ ነበር።

«ስለ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚወራው። አብዛኛው ያለው ግን አንጀት ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥም አለ። ሰው ሲቆስል ቁስሉ ላይ ይፈስሳል። እነዚህ ደጋፊ ሴሎች ደግሞ ላያቸው ላይ እሱን የሚቀበል ነገር አላቸው፤ ተቀባይ እንለዋለን። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሲደርሳቸው ምን ያደርጋሉ? ይበረታሉ? ይሰንፋሉ? ወይስ ዝም ይላሉ?»

«ጆሮ አላቸው በይኛ።»

«ጆሮ በያቸው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እሷም ጆሮ ትላቸው ጀመር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሃያውንም አደንዝዛ፣ ቀኝ ታፋቸውን በጥቂቱ ከፍታ፣ ነርቩን በመቆንጠጫ ጨምቃ ሰፋቻቸው። እንዲህ የተጨመቀ ነርቭ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ከዚያ በየቀኑ መርፌ ትወጋቸዋለች። ግማሾቹ ያንን ጆሮ የሚቀሰቅስ መድኃኒት፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ። ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው «ሀ» እና «ለ» ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሌላ መምህር በፖስታ አሽጎ ይዞታል። አንደኛውና ሁለተኛው ሳጥን «ሀ» ይወጋሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው «ለ»።

«አንቺም አታውቂም?» አልኳት።

«እኔም አላውቅም። ሰው ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ እፈልጋለሁ።»

ፈውሱ የሚለካው በኮቴ ነው። የኋላ እግራቸውን ቀለም ነክረን በካርቶን በሠራነው ጠባብ መተላለፊያ ወረቀት ላይ እናስኬዳቸዋለን። የደህናው እግር ጣቶች ተበታትነው ያርፋሉ። የተጎዳው ጠብቦ፣ ተጣብቆ፣ ተጎትቶ ነው የሚያርፈው። በየሦስት ቀኑ ያንን በማስመሪያ እለካለሁ። ወረቀቶቹን በሽቦ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አሰጣቸዋለሁ። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ፤ ራሷ ነግራኛለች።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር።

አባቴ ወጌሻ ናቸው። ከጉና ተራራ ሥር ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት የደረሰበት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቅቤውን ጣባ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሰዓት የላቸውም። እሽታቸውን የሚለኩት በአቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ለሕፃን እጅ አንድ ጊዜ፣ ለአዋቂ ወለምታ ሰባት ጊዜ፣ በልባቸው እየደገሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በሽተኛው የሚጸልዩለት ይመስለዋል። መጸለያቸውም ነው፣ ሰዓታቸውም ነው። ስሜቱ ስለጠፋ እግር ደግሞ አንድ አባባል አላቸው። «ሥሩ የተኛ እግር ባለቤቱን አያውቅም፤ ባለቤቱም አያውቀውም። የሚያስተዋውቃቸው እጅ ነው።»

ነርቩ ከተጨመቀ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ የሦስተኛው ሳጥን አንዷ አይጥ የገዛ ጣቷን ስትበላ አገኘኋት። እንደ ሌላ ሰው እግር ነበር የምትግጠው። ደሙ አፏ ላይ አለ፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላት። አወጣኋት። በጓንት ጣት አይሰማም፤ ጓንቴን አወለቅሁ። ከአባቴ ቤት ያመጣሁት ለጋ ቅቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ፤ በጣቴ ጫፍ ነክቼ ከታፋዋ ወደ ጣቶቿ፣ ከታፋዋ ወደ ጣቶቿ አሸኋት። አቡነ ዘበሰማያት ሁለት ጊዜ። ትንሽ ናት ብዬ ነው ሁለት ያልኩት፤ በምን ሒሳብ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ አልጋጠችም።

በዚያ ላይ ብቆም ደህና ነበር። አልቆምኩም። አብረዋት ያሉትን አራቱንም ማሸት ጀመርኩ። ሌሎቹን ሳጥኖች ለምን እንዳልነካሁ ብትሉኝ፣ ሦስተኛው ከበርጩማዬ አጠገብ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። በየቀኑ ጠዋት መምህርቷ ሳትመጣ በፊት በርጩማዬ ላይ ቁጭ እልና ተራ በተራ ጭኔ ላይ አደርጋቸዋለሁ። ይሞቃሉ። ልባቸው ከጣቴ ሥር ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ቀስ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት እጄን ሳስጠጋ አምስቱም ወደ ሳጥኑ የሽቦ ወንፊት ይመጡ ነበር። በዚያች ከተማ እኔን ሲያይ ወደ እኔ የሚመጣ ሌላ ፍጥረት አልነበረም።

መዝገብ ነበረን፤ ምግብ፣ ውሃ፣ ሰጋቱራ የሚል ዓምድ አለው። ማሸት የሚል ዓምድ የለውም። ስለዚህ አልጻፍኩም። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም እንደ መቀለብ ቆጥሬው ነበር። በኋላ ግን አወቅሁ። መምህርቷ ከሳጥን ሳጥን ምግቡ እንዳይለያይ፣ ብርሃኑ እንዳይለያይ ስትጨነቅ እያየሁ እንዴት አላውቅም? አውቄ ዝም አልኩ። ብነግራት ተዪ ትለኛለች፤ የቀኔ ደህና ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ፖስታው ተከፈተ።

መምህርቷ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ በሩን ከፍታ ገባች። «ለ ነው! መድኃኒቱ ለ ነው!» የ«ለ» አይጦች ጣታቸውን ከ«ሀ» ቀድመው መበተናቸውን በማስመሪያ የለካሁት እኔ ነኝ፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ ያላወቅነው ለ ምን እንደሆነ ነው። «ሰምተዋል! ጆሮ አላቸው፣ አንቺ ልጅ፣ ሰምተዋል!» ብላ አቀፈችኝ። አጥብቃ። ጋዋኔ ላይ ፋጉሎ አለ፣ አይጥ አይጥ እሸታለሁ፣ ግድ አልሰጣትም። ልነግራት የነበረውን ነገር ዋጥኩት።

«ሐሙስ ለትምህርት ክፍሉ መምህራን አቀርባለሁ። ከዚያ ለአማካሪዬ እልካለሁ። ሁለተኛውን ዙር ከፈቀዱልኝ አንቺም አንድ ዓመት ትቀጥያለሽ። ማታ መማር ትፈልጊ የለ፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።» ወረቀቶቹን ደጋግማ ታያለች። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። «ግን ሦስተኛው ከአራተኛው ለምን ይህን ያህል በለጠ? ያው አንድ መድኃኒት ነው። መስኮቱ ይሆን? ሙቀት ያገኝ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩ።

አንድ ቃል ናት።

ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ወደ ቤት ሄድኩ። እሑድን ጨምሮ አይጦቹን መምህርቷ ልታይልኝ ተስማማች። አባቴ ደጅ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ጎልማሳ ገበሬ ፊት ተቀምጠው ነበር። ስሜያቸው ቅቤውን ያዝኩላቸው። ከቅቤው ጀርባ ሆኜ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

እጃቸውን አቆሙ። «አይጦቹ ዳኑ?»

«ከሌሎቹ ቀድመው።»

«ሰማህ?» አሉት ሰውየውን። «ልጄ የአይጥ ጅማት አቅንታ መጣች! የተማሩት በመርፌ ያቃታቸውን!»

«እንግዲያ እሷ ትሽኝ» አለ ሰውየው። «እኔ ከአይጥ አላንስ።»

«ዝም በል አንተ፣ የሷን እጅ ምን ታውቃለህ።» አባቴ እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ከእናቴ ሞት በፊት ነው። አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ አብጧል፣ አይታጠፍም። «እኔ ደክሜያለሁ። ይኸ እጅ ከኔ ጋር አፈር እንዳይገባ ነበር ሐሳቤ። አሁን አየሁት፤ አንቺ ዘንድ አለ። ተይውና ነይ።»

«አባዬ፣ መምህርቷ መድኃኒቱ ነው ያዳናቸው ነው የምትለው።»

«እጅሽ ነው።»

«በምን ያውቃሉ?»

«እንዴት በምን? ዳኑ አላልሽም?»

«ሳይታሽ የሚድን እግር የለም?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ እርስዎ ያዳኑትንና ለራሱ የዳነውን በምን ይለዩታል?»

አባቴ ከኔ ጋር ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ ጋር ተፋጠጡ። «ሰውየው ቆሞ ሲሄድ አያለኋ» አሉ።

ገበሬው ሳቀ። «ኧረ እቴ፣ ይኸንን ጥያቄ እኔ እስክነሣ አቆዪልኝ። አሁን እምነቴን አታጥፊብኝ!»

እኔ አልሳቅሁም። መምህርቷ መድኃኒቱ ነው ትላለች፣ ደስ ብሏታል። አባቴ እጅሽ ነው ይላሉ፣ ደስ ብሏቸዋል። ሁለቱም እንደማያውቁ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ማናቸው ልክ እንደሆኑ አላውቅም። ሊታወቅ ይችል የነበረውን ነገር ከበርጩማዬ ሳልነሣ አበላሽቼዋለሁ።

ሰውየው በምርኩዙ እያነከሰ ሲሄድ «ልነግራት ነው» አልኳቸው።

«ንገሪያት። ታባርርሽና ትመጫለሽ፤ እሰይ ነው።»

ይህ አናደደኝ። ሌላ አባት ቢሆን እንጀራሽን አትድፊ ብሎ ይመክራል፤ እኔም በእልህ እነግራታለሁ። እሳቸው ግን እውነቱን መናገሬን የፈለጉት ለቅቤው ጣባ ነው። ዝም ብል ከተማው ውስጥ አንድ ዓመት በአንድ ቃል ላይ ቁጭ ማለት ነው፤ ብናገር እዚህ ደጅ ላይ። ሁለቱም መቀመጥ ነው። እኔ መቀመጥ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት የድንች ጆንያ ላይ እግሬን ጭኜ በሚኒባስ ተመለስኩ። በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። መምህርቷ የኮቴ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ለሐሙሱ የምታሳያቸውን ትመርጣለች። የአገሯ መዝሙር መሰለኝ፣ ታንጎራጉራለች።

«መምህርት፣ መስኮቱ አይደለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሦስተኛውን ሳጥን እኔ ነኝ ሳሽ የነበርኩት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ማሸት ስል ሳጥኑን መወልወል መሰላት። በእጄ አየር ላይ አሳየኋት፤ ከታፋ ወደ ጣት። አባቴ ወጌሻ እንደሆኑ ነገርኳት። ከዚያ በፊት አልነገርኳትም ነበር፤ ለተማረ ሰው ያንን መንገር አሳፍሮኝ።

እርሳሱን አስቀመጠች። መልሳ አነሣችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ላይ መልስ አላጣም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስተኛው ቀን።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የቀረ።»

«ሌላ ጊዜ እሑድስ?»

«ከቅዳሴ ስመለስ።»

«የትኞቹን?»

«አምስቱንም። ጣቷን የበላችውን አስቀድሜ።»

«የቀኙን እግር ብቻ?»

«የቀኙን።»

«በምን?»

«በለጋ ቅቤ።»

ሁሉንም ትጽፋለች። «አንዱን ስንት ደቂቃ?»

«አቡነ ዘበሰማያት ሁለት ጊዜ።»

ቀና አለች። የምቀልድባት መሰላት። የአባቴን አለካክ አስረዳኋት። ስልኳን አወጣችና ሰዓቱን አዘጋጀች። «በይው» አለች።

«አሁን?»

«በይው። ልለካው ነው።»

አይጦቹ መሐል ቆሜ አልኩት። ከጠረጴዛው ባሻገር ስልኩን እያየች ትጠብቃለች። ስጨርስ «ስታሺም እንዲህ እየሮጥሽ ነው የምትዪው?» አለች።

«አይ። ቀስ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ቀስ ብለሽ በይው። እጅሽንም እንደምታሺ አድርጊው።»

እንደገና አልኩት። በባዶ አየር ላይ፣ ከታፋ ወደ ጣት፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ። እሷ ሰዓቱን አቆመች፤ ቁጥሩን ጻፈች።

ከዚያ የሦስተኛውን ሳጥን ወረቀቶች ለብቻ አወጣች። ኮምፒውተሯን ከፈተች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረች። እኔ ቆሜያለሁ። ተቀመጪ አላለችኝም፤ በርጩማው ላይ መቀመጥም አልፈለግሁም።

«አራተኛው ለብቻው ከሀ አይለይም» አለች በመጨረሻ፤ ለኔ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ።

«መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?»

«አይደለም። አላውቅም ማለት ነው። አምስት አይጥ ምን ይነግረኛል?»

«እጄ ነው ማለት ነው?»

«እሱንም አላውቅም። ሦስተኛው መድኃኒቱንም እጅሽንም ነው ያገኘው። ሁለቱ ተጋግዘው ሊሆን ይችላል። ጆሯቸው የሰማው የትኛውን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም አሁን።» ዓይኗን በመዳፏ ጨመቀችው። «ስድስት ወር ነው ይህን መድኃኒት የጠበቅሁት። መንገዱ እስኪከፈት። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምንም አልነበረም። አራቱንም ሳጥን እኩል እንድታሺ አደርግ ነበር። ለጥናቱ እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነበር።» ይህ ከሁሉም በላይ ወጋኝ። «ፖስታው ሲከፈትስ? ስጠይቅሽስ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስላቀፍሽኝ» አልኳት።

አየችኝ። ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ውጪ ከጉና የወረደው ጉም የባሕር ዛፎቹን ጫፍ በልቶታል።

«ሐሙስ የማቀርበው እንደሆነው ነው» አለች ሳትዞር። «ሳጥኑን አወጣሁት እላለሁ፤ ለምን እንዳወጣሁትም እላለሁ። ስምሽን አልጠራም። ግን አንቺ እዚህ ልትቆዪ አትችይም። መምህራኑም አይፈቅዱም። እኔም ሁለተኛውን ዙር ባገኝ ጠዋት ጠዋት ምን ተደርጎ ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽሽም።»

«አትዋሺኝ።»

«ሦስተኛውን ሳጥን… ነርቫቸውን በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ከሌሎቹ ጋር። ረቡዕ።»

ያ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነርቭ ከሕያው አይጥ አይወጣም። መጀመሪያም ሃያውም ለዚያ ነው የመጡት። «እሺ» አልኩ።

መዝገቡን አወረድኩ። ከሰጋቱራ ቀጥሎ በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመርኩና ከላይ «ማሸት» ብዬ ጻፍኩ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሬ በሦስተኛው ሳጥን ትይዩ እያንዳንዱን ቀን ሞላሁ። ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ ባዶ ተውኩ። ከታች ፈረምኩ። የአራቱንም ሳጥን ሰጋቱራ ቀየርኩ፣ ምግብ ጨመርኩ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ አምስቱም ወደ ወንፊቱ መጡ። ጓንቴን አላወለቅሁም። ወንፊቱን መልሼ ዘጋሁት።

ጋዋኔን አጣጥፌ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ። መምህርቷ ከሽቦው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያወረደች ነበር።

«መምህርት፣ ደህና ዋይ» አልኳት።

«ውሃቸውን ሞልተሻል?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ሞልቻለሁ።»

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።